ቲም ቢልዲንግ ላይ የሚቀረው ማን ነው? የስድስት አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦችን ስለማቀራረብ፣ በቢሮ አነጋገር «ቲም ቢልዲንግ» ስለሚባለው ጉዳይ የቀረቡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚውሉበት፣ የሳምንቱን ከፊል ከቤት ከሚሠሩበት፣ እንዲሁም ጨርሶ ተያይተው ከማያውቁበት መሥሪያ ቤት ናቸው። ዕቅድ ሲቀርብልኝ ምን ያህል እንደሚያስቅ ከመጠየቄ በፊት ማን እንደሚቀርበት እጠይቃለሁ፤ መልሶቼም ከዚሁ የተነሡ ናቸው።

«ሃያ አምስት ሠራተኞች ነን። ማክሰኞና ሐሙስ ሁላችንም ቢሮ እንገባለን፤ በቀሩት ቀናት አብዛኛው ከቤት ይሠራል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዙም ጨዋታ ስናዘጋጅ ቢሮ ያሉት ተሰብስበው ይስቃሉ፣ ከቤት የገቡት ዝም ብለው ይመለከታሉ። ምን እናድርግ?» (የሰው ሀብት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

ጥፋቱ የጨዋታው አይደለም። አሥር ሰው በአንድ ካሜራና በአንድ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ፣ ከቤት የገባው ሰው የሳቁን ድምፅ እንጂ የሳቁን ምክንያት አይሰማም። ስለዚህ አንድ ሰው እንኳ ከቤት የሚሳተፍ ከሆነ ቢሮ ያሉትም በየጠረጴዛቸው፣ በየራሳቸው ኮምፒውተር ይግቡ። ይህ ካልተመቸ ጨዋታውን ለማክሰኞ ወይም ለሐሙስ ያቆዩት።

እንዲያውም እነዚያን ሁለት ቀናት በስብሰባ ባታጣብቧቸው ይሻላል። ቶማስ አለን የተባለው የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመሐንዲሶችን ቢሮ ሲያጠና፣ በሁለት ሰዎች ጠረጴዛ መካከል ያለው ርቀት በጨመረ መጠን የሚነጋገሩበት ዕድል በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁል አሳይቷል። የማክሰኞውን አቀማመጥ በየወሩ ማለዋወጥ ምንም ወጪ የለውም። ከዚያ በተረፈ ቡና ይፈላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ማንም ተነሥቶ ራሱን እንዲያስተዋውቅ አይገደድም፤ ጨዋታው ራሱ እየመጣ ይሄዳል። ከውጭ የተቀዳ የትኛውም የማቀራረቢያ ዘዴ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አላየሁትም።

ሆኖም በብዙ ቢሮ ቡናውን የምታፈላው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ስኒውን አድላ ስትጨርስ ጨዋታው ያለ እሷ ይቀጥላል። አፍዪው በዕጣ ይለይ፣ ልክ እንደ ዕቁብ ተራ በተራ ይድረስ፤ ሥራ አስኪያጁም ተራው ሲሆን ቡናውን ይቁላ፣ ቢያሳርረውም ይጠጣለት። እሷም የጥበቃ ሠራተኛውም ወንበር ይዘው ይቀመጡ። (በዘመናዊ ሕንፃ የምትሠሩ ከሆነ የጭስ ማስጠንቀቂያውን አስቡበት፤ ከሰሉን ትታችሁ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የተቆላ ቡና ይዛችሁ መምጣት ይሻላችኋል።)

«የሶፍትዌር ቡድናችን አባላት አዲስ አበባ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ናቸው። በአካል ተገናኝተን አናውቅም። ምን ዓይነት ጨዋታ ያዋጣናል?»

በቅድሚያ ሰዓቱን አስተካክሉ። «ማክሰኞ በ3 ሰዓት» ብሎ መልእክት የላከው የአዲስ አበባ ሰው ጠዋቱን ማለቱ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ከሰዓት በኋላውን ሊረዳ ይችላል። የሀገራችንን አቆጣጠርና የፈረንጁን ሁለቱንም ጻፉ። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት በእነርሱ በጋ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል፤ ሦስቱም ከተሞች ነቅተው የሚገናኙባት ጠባብ መስኮት ይህች ናት። ሁልጊዜ ዋሽንግተን ያለው ሰው ብቻ እንቅልፉን ቆርጦ እንዳይነሣ፣ አልፎ አልፎ የእናንተ ወገን ያምሽለት።

ቀጥሎም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ የማይበላሽ ጨዋታ ምረጡ። በቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ መልእክት የሚተላለፍ እንቆቅልሽ ጥሩ ይሠራል፤ በአንድ ሰዓት መገናኘትም አይጠይቅም። አንዱ ጠዋት «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌሎቹ እስከ ማታ «ምን አውቅልሽ» እያሉ ይሞክራሉ። ያልቻለው «ሀገር ስጠኝ» ሲባል የሚሰጠው ሀገር ያደገባት ከተማ ወይም ሰፈር ትሁን፤ ስለ እርሷም አንድ ነገር ይናገር። አንድ ባልደረባችሁ የት እንዳደገ ሳታውቁ ሦስት ዓመት አብራችሁ ልትሠሩ እንደምትችሉ ሳስብ ይገርመኛል። በውጭ ሀገር የተወለደና አማርኛው ያልጠና አባል ካለ፣ እንቆቅልሹ ለእርሱ ቅጣት እንዳይሆንበት ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተጫወቱ፤ ትርጉሙን ማስረዳቱ ራሱ ግማሽ ጨዋታ ነው።

«አለቃችን እሑድ ቢሾፍቱ እንድንሄድ ወስኗል፤ መቅረት አይቻልም ብሏል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እምቢ ማለት እችላለሁ?»

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቦ፣ ለሠራተኛው ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ሳምንታዊ ዕረፍት ይሰጣል። በዕረፍት ቀን ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራም የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ እጥፍ ያዛል። መቅረት የማይቻልበት ሽርሽር በእኔ አመለካከት ሽርሽር ሳይሆን ሥራ ነው፤ አለቃዎም ሥራ ነው ካሉ እንደ ሥራ ይቁጠሩት፣ መዝናኛ ነው ካሉ ደግሞ መቅረትን ይፍቀዱ። ይህን ለብቻዎ ከመናገር ከሁለት ሦስት ባልደረቦች ጋር ሆናችሁ፣ አማራጭ ቀን ይዛችሁ ብታነጋግሯቸው ይሻላል።

አማራጩ ቀን የቱ ይሁን? ዓርብ ብዙ ሰው የሚመርጠው ቀን ነው፤ ነገር ግን ለኦርቶዶክሱ ጾም፣ ለሙስሊሙ የጁምዓ ሶላት ነው። ሐሙስ ይሻላል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የወጣ ቡድን ሆራ ሐይቅ ዳር ውሎ እስከ 11 ሰዓት ሊመለስ ይችላል፤ ልጅ የሚጠብቃቸው ሰዎችም አይጨነቁም። ምግቡን በተመለከተ፣ የክርስቲያን ሥጋ ወይስ የእስላም ሥጋ የሚለው ክርክር ከሚነሣ በያይነቱ ይታዘዝ፤ ለጿሚውም ለማይጾመውም፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ አብሮ መብላት ማለትም እርሱ ነው። በረመዳን ከሆነ ምሳውን ትታችሁ ማፍጠሪያ አዘጋጁ።

«ባለፈው ዓመት የገመድ ጉተታ አድርገን ጠብ ተነሣ። በቢሮ ውስጥ የሚደረግ፣ ርካሽ የሆነ ሌላ ጨዋታ አለ?»

የገመድ ጉተታ የሰውን ኅብረት የሚያሳይ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ገመድ በኅብረት ሲስቡ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚስበው ያነሰ ኃይል እንደሚያወጣ አሳይቷል። ጉልበተኛው ይጎትታል፣ ሌላው ገመዱን ይዞ ይቆማል፤ ሲሸነፉ ደግሞ እርስ በርስ ይወቃቀሳሉ።

በምትኩ ዲዛይነሩ ፒተር ስኪልማን የፈጠረውን የፓስታ ግንብ ሞክሩ። አራት አራት ሰው ሆናችሁ 20 ዘንግ ያልተቀቀለ ስፓጌቲ፣ አንድ ሜትር ያህል ፕላስተር፣ አንድ ሜትር ያህል ሲባጎ እና አንድ ማርሽሜሎው (እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ከረሜላ) ትወስዳላችሁ። በ18 ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚቆም ረጅም ግንብ ሠርታችሁ ማርሽሜሎውን ጫፉ ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ፤ ማርሽሜሎው ከታጣ ትንሽ የዳቦ ቁራሽ ይተካዋል። ይህ ጨዋታ የታወቀው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከቢዝነስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተሻለ በመሥራታቸው ነው። ተማሪዎቹ ማን መሪ ይሁን እያሉ ሲያቅዱ ቆይተው ማርሽሜሎውን በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲያስቀምጡት ግንቡ ይናዳል፤ ሕፃናቱ ግን ከመጀመሪያው ማርሽሜሎውን ይዘው ደጋግመው ይሞክራሉ። ሒሳብ ሹሙና ሾፌሩ እኩል የሚሆኑበት ጨዋታ ከዚህ ሌላ ብዙ አላውቅም። አንድ ምክር ልጨምር፤ አለቆችን በአንድ ቡድን አትሰብስቧቸው፣ በየቡድኑ በትኗቸው።

«በየዝግጅቱ መሐል ገብቼ እስክስታ እንድወርድ ይጎተጉቱኛል። ዓይን አፋር ነኝ። ምን ልበል?»

«ዛሬ አጨበጭባለሁ» ይበሉ፣ ያጨብጭቡም። ጭብጨባ የሌለው እስክስታ የለም። አዘጋጆች ሆይ፣ ፎቶ የሚያነሣ፣ ነጥብ የሚመዘግብ፣ ሙዚቃ የሚመርጥ ሰው ስለምትፈልጉ ዓይን አፋሩን ለእነዚህ ሥራዎች ጋብዙት።

«የሽያጭና የፋይናንስ ክፍሎቻችን ከተኮራረፉ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ጥሩ ቲም ቢልዲንግ ያስታርቃቸዋል?»

አያስታርቃቸውም። የተኮራረፉ ሰዎችን ለሽርሽር መውሰድ ኩርፊያውን በአውቶቡስ ማጓጓዝ ነው፤ ሲሄዱ የሽያጩ ክፍል ከፊት፣ የፋይናንሱ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ሲመለሱም እንደዚያው። በሽያጭና በፋይናንስ መካከል ኩርፊያ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በሰው ጠባይ ሳይሆን በሥራ ሒደት ነው፤ የኮሚሽን ክፍያ ይዘገያል፣ ወይም ደረሰኝ ያለ ቀኑ ይመጣል። ከሁለቱም ክፍል ያልሆኑ፣ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሁለት ሰዎች እንደ ሽማግሌ ይቀመጡ፤ እያንዳንዱን ወገን ለየብቻ ይስሙ፤ የዘገየው ክፍያ ወይም ደረሰኝ መቼና በማን እጅ እንደሚያልቅ ተጽፎ ይፈረም። ዳይሬክተሩ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባይሆኑ ይመረጣል፤ በፊታቸው ማንም እውነቱን አውጥቶ አይናገርም። የተፈረመው ነገር ለሁለት ወር ያህል መፈጸሙ ከታየ በኋላ፣ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቀላቅላችሁ ያንን ስፓጌቲ አምጡ።