ዓመቱን ሙሉ ሞቶክሮስ ለመንዳት የት ልኑር? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ሰባት ዓመት ዱባይ ኖሬ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ አካባቢ። ሙያዬ መካኒክነት ነው፤ ቅዳሜና እሁዴ ግን ትራክ ላይ ነው የሚያልቀው። "ለሞቶክሮስ (በአፈር ትራክ ላይ እየዘለሉ ለሚነዱት የሞተር ስፖርት) ብዬ አገር ልቀይር ነው፣ የት ይሻለኛል?" የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ (ከሚኒያፖሊስ) በረዶው መሮኛል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሞተሬ ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ ነው የምትከርመው። በአጭሩ ንገረኝ፣ ካሊፎርኒያ ወይስ ፍሎሪዳ?

መልስ፦ በአጭሩማ አይሆንም ወንድሜ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አገሩን በጥሩ ወሩ አይቶ ስለሚመርጥ ነው። ጥር ላይ አናሃይም ሱፐርክሮስ (ስታዲየም ውስጥ የሚደረገውን ውድድር) ሊያይ ይመጣል፣ በቲሸርት ይውላል፣ "በቃ እዚህ ነው የምኖረው" ብሎ ይመለሳል። አንተ ክፉውን ወር ጠይቅ። የካሊፎርኒያ ክፉ ወር ነሐሴ ነው። እዚህ አካባቢ ያሉት ትራኮች፣ ፔሪስና ሌክ ኤልሲኖር ላይ 38 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። አፈሩ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ትራኩን ትራክ የሚያደርገው የውሃ ቦቴ ነው። ቦቴው አጠጥቶ እንደወጣ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ጎማው መሬቱን ነክሶ ይይዛል፤ ኩርባው ላይ ሞተሩን ብታስተኛው አይከዳህም። 5 ሰዓት ሲሆን ያው ኩርባ የዱቄት ወፍጮ ነው። ፊትህ ያለው ሰው ሲዘል ታየዋለህ፣ ሲያርፍ አታየውም። እኔ የተጋጨሁት ሁሌ በዚያ ሰዓት ነው።

የፍሎሪዳ ችግር ተቃራኒው ነው። ኦርላንዶ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ አያንስም ማለት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ፣ መብረቅ ሲጀምር ሜዳ ላይ አትቆምም። ግን አሸዋው ውሃውን ምጥጥ ያደርገዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ትነዳለህ። አሸዋ ጉልበት ይጨርሳል፣ የአየር ፊልትሮ ይበላል፣ ነጂ ግን ያወጣል። ታላቁ የሞቶክሮስ ሻምፒዮን ሪኪ ካርማይክል የፍሎሪዳ ልጅ ነው።

እኔ ካሊፎርኒያን የመረጥኩት በአየሩ ሳይሆን በትራኩ ብዛት ነው። ከቤቴ ተነስቼ ግሌን ሄለን፣ ፔሪስ፣ ኤልሲኖር፣ ፓላ፣ ሁሉም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል። አንድ ትራክ ብቻ ያለበት ከተማ ገብተህ ባለቤቱ መሬቱን ለቤት ሠሪ ቢሸጠውስ? እዚህም ስንቱ ተሽጦ መጋዘን ሆኗል። ሌላው ልታውቀው የሚገባ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2022 ሞዴል ወዲህ ያሉ የውድድር ሞተሮች በሕዝብ መሬት ላይ አይነዱም፣ በዝግ ትራክ ብቻ ነው። ስለዚህ በወጣህ ቁጥር የመግቢያ ትከፍላለህ።

ጥያቄ፦ (ከዱባይ) እኔ ሴት ነኝ፣ ሥራዬም እዚሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚህ መንዳት ይቻላል ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጀበል አሊ በኩል ያለው ትራክ ላይ የምትነጂው ንጉሥ ቤትም አይገኝ። ደረቅ፣ ብሩህ፣ ምሽቱ ቀዝቀዝ ያለ። ቀሪው ጊዜ ግን ማታለል ነው። አንድ ጊዜ በእልህ ሐምሌ ላይ ወጣሁ። የቡትሴን ማያያዣ ልዘጋ ስነካው ጣቴን ጠበሰኝ። የሞቶክሮስ ሞተር ቬንትሌተር የለውም፤ ራዲያተሩ የሚቀዘቅዘው በሚነፍሰው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሱ ራሱ 43 ዲግሪ ሲሆን፣ አሸዋው ደግሞ ሞተሩን ወደ ኋላ ሲይዘው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ውሃው ፈልቶ በትርፍ ቱቦው ወጣ። እኔም ከሱ ብዙ አልተሻልኩም፤ መኪናው ጥላ ሥር ተኝቼ ሁለት ሊትር ውሃ ጠጣሁ።

ምክሬ አትልቀቂ። ደመወዝሽ እዚያ ከሆነ ሰባቱን ወር ንጂ፣ የዓመት ፈቃድሽን ነሐሴ ላይ አውጪና ደጋ አገር ሄደሽ ተከራይተሽ ንጂ። "ዓመቱን ሙሉ" የግድ አንድ ቦታ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ (ከአዲስ አበባ) አሜሪካ ቪዛው ሩቅ ነው። ናይሮቢ ወይም ካምፓላስ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። የምድር ወገብ አካባቢ በረዶ የለም፣ እንደ ባሕረ ሰላጤው የሚገድል ሙቀትም የለም። ለኬንያ ደግሞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠየቅም። ናይሮቢ ጃምሁሪ ፓርክ፣ ኡጋንዳ ደግሞ እንቴቤ መንገድ ላይ ጋሩጋ ውድድር ይካሄዳል። ኡጋንዳ ውስጥ ተመልካቹም ቀላል አይደለም፣ ልጆችን ከ50 ሲሲ ጀምሮ ነው የሚያሳድጉት። ክፉው ወር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ረጅሙ ዝናብ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ቀይ አፈር ሲረጥብ ጎማው ላይ እንደ ጭቃ ጫማ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሃያ ኪሎ ጨምሮ ይመለሳል። መለዋወጫውም ከውጭ ስለሚገባ ውድ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ይቺ ምክር ሞተርህን ታድንልሃለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ካርቡሬተር ያለው ባለ 2 ስትሮክ እዚያ በትንሽ ጂግለር (ቤንዚኑን በሚለካው ቀዳዳ) ነው የሚሠራው። ያንኑ ሞተር ናይሮቢ 1,700 ሜትር ላይ፣ እንቴቤ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብለህ ስታስነሳው ጉልበቱ ይጨምራል፣ ደስ ይልሃል። ችግሩ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። እንደደረስክ ጂግለሩን ከፍ አድርግ፣ ጥቂት ዙር በሙሉ ጋዝ ንዳ፣ አጥፋና ካንዴላውን ፍታ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል፣ የተቆላ ቡና ሳይሆን የገብስ ቆሎ ቀለም ከያዘ ልክ ነው። ሞተርህ ኢንጀክሽን ከሆነ ይሄን እርሳው፣ ራሱ ያስተካክላል።

ጥያቄ፦ (ከፍራንክፈርት) አውሮፓ ውስጥስ?

መልስ፦ መኖሪያህን ሳትነቅል ቤልጂግ ሎመል ሂድ። ጥልቅ አሸዋ ስለሆነ ጭቃ አይሆንም፣ በብርዱም ወራት ይነዳል፤ ወገብህ ግን ያስታውሰዋል። መሄድህ ቁርጥ ከሆነ ስፔን። አልሜሪያ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚዘንበው። የዓለም ሻምፒዮና ቡድኖች ጥርና የካቲት ላይ ስፔንና ሰርዲኒያ የሚወርዱት በከንቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ (ከቨርጂኒያ) ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ በ65 ሲሲ እኩዮቹን ሁሉ ይቀድማል። ለእሱ ስል ቤቴን ሸጬ ፍሎሪዳ ልግባ ወይ እያልኩ ነው።

መልስ፦ ጌታዬ፣ አይሽጡ። በ65 የቀደመ ልጅ በ85 ቁመቱ ካልተመዘዘ ይቀደማል፤ 14 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ኳስ ወይም ጓደኛ ሊበልጥበት ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ባድስ ክሪክ ቅርብዎ ነው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና የሚካሄድበት ትራክ ነው። የታኅሣሥ ዕረፍት ሲመጣ ይዘውት ደቡብ ይውረዱ፣ ሁለት ሳምንት ይንዳ። እንዲህ ሦስት ዓመት አድርገው አሁንም ማለዳ ሳይቀሰቀስ የሚነሳ ከሆነ ያኔ እንነጋገር።

ጥያቄ፦ ወጪው? ኢንሹራንሱስ?

መልስ፦ የሞቶክሮስ ሞተር ዕድሜ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው የሚቆጠረው። እኔ ዘይት በየ5 ሰዓቱ እቀይራለሁ። በሳምንት 4 ሰዓት የነዳ ሰው በዓመት 200 ሰዓት ገደማ ነዳ፤ 40 ጊዜ ዘይት ማለት ነው፣ ፒስተኑ፣ ካቴናው፣ የፍሪሲዮን ሸራው ሳይነሳ። ሚኒያፖሊስ ያለኸው ወንድሜ፣ በረዶው ገንዘብህን እየቆጠበልህ መሆኑን እወቀው።

ኢንሹራንሱን ከመሄዳችሁ በፊት ቃል በቃል አንብቡ። እኔ አገር የቀየርኩ ሰሞን የእጅ አንጓዬ ተሰበረ። ኢንሹራንሱ "ውድድር አይሸፍንም" አለ። ልምምድ ነበር ብል ማን ሊሰማኝ፤ ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፌ ነበር። የሕክምናውን ዕዳ ስድስት ወር ሙሉ ከፋፍዬ ከፈልኩት። ከትራክ እስከ አጥንት ሐኪም ስንት ደቂቃ እንደሆነም ጠይቁ። ይሄን ቤት ኪራይ ከመጠየቃችሁ በፊት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ (ሚኒያፖሊስ እንደገና) አሳመንከኝ፤ ነሐሴ ላይ መጥቼ ሁለት ሳምንት ልሞክር። ምን ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ ሞተር እዚሁ ተከራይ። ዘይት የተቀባ የተዘጋጀ ፊልትሮ አራት፣ ጓንት ሁለት፣ መነጽር ሁለት። ማታ በጊዜ ተኛ፤ ከቤት የምንወጣው ሳይነጋ ነው። ከሰዓቱን ምንም ስለማንሠራ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሰፈር ፌርፋክስ ወርደን ክትፎ እንበላለን።