«ደም ቅዳ» እና «አውራ ጎዳና»

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ «አርተሪ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት ቢፈልግ፣ ደም ቅዳም አውራ ጎዳናም ማለት ሆኖ አገኘው። ሁለቱ እንዴት በአንድ ቃል ሊጠሩ ቻሉ? የእኛዎቹስ ቃላት ከየት መጡ? (አንባቢያችሁ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የእንግሊዝኛው ቃል ምንጭ ግሪክኛው «አርቴሪያ» ሲሆን፣ ቃሉ ቀድሞ የአየር ቧንቧም መጠሪያ ነበር። በሬሳ ውስጥ እነዚህ ሥሮች ባዶ ሆነው ስለሚገኙ፣ በርካታ የጥንት ሐኪሞች አየር ያመላልሳሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ ደም እንደሚይዙ ያረጋገጠው በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ጋሌን ነው። ቃሉ ለመንገድ የዋለው ግን እጅግ ዘግይቶ፣ ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 የደምን ዝውውር ካስረዳ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

አማርኛው ዝውውሩን በስያሜው ውስጥ ይዞታል። «ቅዳ» የወጣው «ቀዳ» ከሚለው ግስ ነው፤ ውሃ ከምንጭ በእንስራ፣ ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ እንደሚቀዳ ሁሉ፣ ደም ቅዳም ደምን ከልብ እየቀዳ ያደርሳል፤ «ደም መልስ» ደግሞ ወደ ልብ ይመልሰዋል። ስያሜው የሚነግረን አቅጣጫውን እንጂ የደሙን ዓይነት ስላልሆነ፣ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደውም ሥር ደም ቅዳ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ልጅዎ ልብ ይበለው።

«አውራ» ደግሞ በእንስሳት ዓለም የተለመደ ቃል ነው። አውራ ዶሮ ስንል ወንዱን ማለታችን ነው፤ ይሁንና እንቁላል የምትጥለው የንብ ንግሥት ራሷ «የንብ አውራ» መባሏ፣ ቃሉ ከወንድነት አልፎ አለቅነትንም እንደሚያመለክት በግልጽ ያሳያል። አውራ ጣትና አውራ ጎዳና የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ደግሞ ቃሉ የመሥሪያ ቤት ስም እስከ መሆን ደረሰ።

ጋዜጠኞች የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መንገድ «የኢኮኖሚያችን የደም ሥር» ሲሉት፣ «ደም ቅዳ» ቢሉ ይበልጥ ትክክል ይሆን ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኛ አንስማማም፤ በዚያ መንገድ ቡናው ወደ ወደቡ ይወርዳል፣ ነዳጁና ማዳበሪያው ከወደቡ ይመጣል፤ ስለዚህ ቅዳውንም መልሱንም አጠቃልሎ የያዘው «ደም ሥር» ነው።