ፀረ ቁስ ወደ ላይ ይወድቃልን?

ጠያቂያችን «ፀረ ቁስን የምድር ስበት ወደ ላይ ይገፋዋልን?» ላሉት መልሱ አይገፋውም ነው። ፀረ ቁስ የቁስ አቻ ሆኖ በኤሌክትሪክ ቻርጁ ተቃራኒ ነው፤ የኤሌክትሮን ፀረ ቁስ አቻ የሆነው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር እኩል መጠነ ቁስ አለው፣ ሲገናኙ ግን ተጠፋፍተው ጨረር ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል ስበትን እጅግ ስለሚበልጥ፣ በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን በተሰኘው የቅንጣት ምርምር ማዕከል የሚሠሩት፣ አልፋ የተሰኘው ሙከራ ተመራማሪዎች ቻርጅ አልባውን የፀረ ሃይድሮጅን አቶም መርጠው፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ማግኔታዊ ወጥመድ ይዘው የላይና የታች መዝጊያውን ቀስ በቀስ አላሉት። በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት፣ 80 በመቶ ያህሉ በታች በኩል ወጥቶ ግድግዳውን ሲነካ ጠፋ። ቀሪው ወደ ላይ መውጣቱ አያሳስትዎ፤ አቶሞቹ ምንም ቢቀዘቅዙ በየአቅጣጫው መሮጣቸው ስለማይቀር፣ ተራ ሃይድሮጅንም በዚያ ወጥመድ ቢገባ እንዲሁ ይሆን ነበር።