በአንድ ድምፅ ነው ያለፈው

ሰላም ወንድሜ፣ «የአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ገዢ ፍራኪንግን (የተፈጥሮ ጋዝ ለማውጣት አለትን በግፊት መሰንጠቅን) የሚፈቅደውን ሕግ ውድቅ ካደረጉት እንዴት ጸደቀ?» ላልከው፦ በአንድ ድምፅ ነው። ገዢዋ ቤቨርሊ ፐርዱ ሕጉን ውድቅ አድርገው የመለሱት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ውሳኔያቸውን ለመሻር በግዛቷ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ከሰጡት አባላት ሦስት አምስተኛው ያስፈልግ ነበር። ውጤቱ 72 ለ47 ሆነ፤ የሚያስፈልገውም ልክ 72 ነበር። ከ72ቱ አንዷ ሕጉን ሲቃወሙ የዋሉት ዲሞክራቷ ቤኪ ካርኒ ናቸው። ቀዩን የተቃውሞ ቁልፍ እጫናለሁ ብለው አረንጓዴውን የድጋፍ ቁልፍ ተጫኑ! ወዲያው ይታረምልኝ ቢሉም፣ ውጤት የሚቀይር እርማት በደንቡ አይፈቀድም ተባሉ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ጋዙ አለበት በተባለው፣ በግዛቷ በሚገኘው የ«ሊ» ካውንቲ (ወረዳ) ገጠር ብዙ ሰው የሚጠጣው ከጓሮው ጉድጓድ ነው። ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ አለቱ ሲገባ ውሃችን ይበከላል ብለው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ደግነቱ ሕጉ ቁፋሮ ወዲያው አላስጀመረም። መጀመሪያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ደንብ ማውጣት ነበረበት፤ ተቃዋሚዎቹም ትግላቸውን ወደዚያ አዞሩ።