መልስ፦ በጎንደር በስልክ መስመር የሚደወል ኢንተርኔት ከማን ይገኝ ነበር?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የነበረ ሰው ለኢንተርኔት አቅራቢውን እንዴት ይመርጥ እንደነበርና በእጅዎ ያለው በሰከንድ 33.6 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኝ መሣሪያ) ዛሬም ያገለግል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብቸኛው አቅራቢም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ፊዶኔት በተባለ የኮምፒውተሮች መረብ አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር፤ ሆኖም መልእክቱን አጠራቅሞ በስልክ ጥሪ ከመላክ አያልፍም።

ስለዚህ ተጠቃሚውን የሚያሳስበው የመስመሩ ጥራት ነበር። የደዋዩና የአቅራቢው ሞደሞች ያን ጆሮ የሚበሳ ድምፅ እያሰሙ የሚስማሙት መስመሩ በሚችለው ፍጥነት ስለሆነ፣ ከፒያሳም ሆነ ከአዘዞ ቢደወል፣ የሽቦው መገጣጠሚያ ዝጎ ወይም የክረምቱ ውኃ ገብቶበት ከሆነ ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል፤ ሲብስም ግንኙነቱ ይቋረጣል። በሙሉ ፍጥነት እንኳ አንድ ሜጋባይት ለማውረድ ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩ እንደተያዘ ነው (የቤት ሰው ሳያውቅ እጀታውን ካነሣማ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ)።

ዛሬ አቅራቢ ፍለጋ ባይደክሙ እመክራለሁ። በሞባይል ጥሪም አይሞክሩት፤ ለሰው ድምፅ ተብሎ የሚደረገው መጭመቅ የሞደሙን ድምፅ ያዛባዋል። ሁለተኛ ሞደም ካገኙ ግን በትንሽ የቢሮ ስልክ ማዞሪያ በኩል ሁለቱን አገናኝተው፣ ጥሪ ተቀባዩን ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ቢያደርጉና የፒፒፒ ፕሮግራም (በስልክ መስመር ላይ የኢንተርኔት ግንኙነት የሚፈጥረውን) ቢያስነሡ፣ አቅራቢው ራስዎ ይሆናሉ። ማዞሪያው ለውስጥ መስመር የአናሎግ መሰኪያ (ተራ የቤት ስልክ የሚሰካበት) እንዳለው ሳያረጋግጡ ግን እንዳይገዙ።