«ድሀ አገር ቆንጠጥ አርጎ የሚገዛት ሰው ነው የሚያስፈልጋት» ይላሉ አጎቴ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። የፋሲካ ለት ቤተሰብ ተሰብስበን ጠላ እየጠጣን ከአጎቴ ጋ ክርክር ገጠምን፣ እሳቸው ድሀ አገር ቆንጠጥ አርጎ የሚገዛት ሰው እንጂ ምርጫ ምናምን አያስፈልጋትም፣ ሲንጋፖርን እይ ኮሪያን እይ አሉ። እኔ ዲሞክራሲ ይሻላል አልኩ፣ ለምን ሲሉኝ ግን ከ«መብት» በቀር የምለው አጣሁና ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ የተሳቀብህ «መብት» የምትል አንዲት ቃል ይዘህ ሙግት ስለገባህ ነው፣ ያውም የርስት ሙግት እየሰሙ ካደጉ ሰው ጋ!

አጎትህ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ሊ ኩዋን ዩ እ.ኤ.አ ከ1959 እስከ 1990 ሲንጋፖርን በጠቅላይ ሚኒስትርነት መርተው ሀብታም አርገዋታል፣ ፓርክ ቹንግ ሂም በ1961 በመፈንቅለ መንግስት መጥተው ደቡብ ኮሪያን የፋብሪካ አገር አርገዋታል፣ ይሄ አይካድም። ግን ሞቡቱስ በላቸው። ቆንጠጥ በማረግ ቢሆን ኖሮ ዛየርን (የዛሬዋን ኮንጎ) እ.ኤ.አ ከ1965 እስከ 1997 ድረስ 32 ዓመት ቆንጥጦ ገዝቷታል እኮ፣ መዳብና አልማዝ የሞላባት አገር መንገዷን እንኳ ጫካ በላው። ድሀ አገር አምባገነኑን አማርጦ አያመጣም፣ የመጣለትን ነው የሚቀበል፣ ሞቡቱ ከደረሰው ደሞ በምን ያወርደዋል? ንጉስ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ነው።

ሩቅ ምን አስኬደን፣ የ1960 ዓ.ምን የጎጃም ነገር አጎትህ ከአባታቸው ሳይሰሙ አይቀሩም። መንግስት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጣ፣ ገበሬው ይሄ ግመታ ምናምን የሚሉት ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ጠረጠረ፣ አቤት ቢል የሚሰማው አጣ፣ በሞጣም በዳሞትም ጠመንጃ አነሳ፣ ወታደርና አውሮፕላን ተላከበት፣ ሰው አለቀ ቤት ተቃጠለ። ከዚያስ? የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ተነሱ፣ ጃንሆይ ውዝፉን ግብር ማሩ። በስተመጨረሻ ገበሬው ያለው ነው የሆነ! ያን ሁሉ ሰው ሳይገሉ መስማት ይቻል ነበር እኮ። (ፓርላማ አልነበረም ወይ ካሉህ ነበረ፣ ህጉንም ያጸደቀው እሱ ነው፣ ግን ፓርቲ ማቋቋም አይቻልም፣ የመጨረሻውም ቃል የጃንሆይ ነው።)

ሌላው የወሬ ጉዳይ ነው፣ አምባገነን ዘንድ መጥፎ ወሬ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። ወሎ በ1965 ዓ.ም ሲራብ ተደበቀ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም ላይ ደሞ ህዝቡ እየረገፈ ደርግ አዲስ አበባ ላይ አስረኛ ዓመቱን ይደግስ ነበር። አማርትያ ሴን የሚባል የህንድ የኢኮኖሚ ሊቅ ጋዜጣው ነጻ በሆነበትና ምርጫው የምር በሆነበት አገር እንዲህ ያለ እልቂት አይደርስም ይላል፣ የሚራበው ሰው ነገ ድምጽ ይሰጣላ! ለምሳሌ ቦትስዋና እ.ኤ.አ በ1966 ነጻ ስትወጣ ከአለም ድሀ አገሮች አንዷ ነበረች፣ አልማዙ የተገኘው በኋላ ነው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለዓመታት ዝናብ ሲጠፋ መንግስት እህል አከፋፍሎ፣ ለሰዉ የቀን ስራ ከፍቶ ያለ እልቂት አለፈችው። ከነጻነት ጀምሮ የገዛው ፓርቲም በ2024 ተሸነፈና ፕሬዚዳንቱ እሺ ብለው ወረዱ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ።

አንተም ግን ምርጫ ምርጫ አታብዛ። ዳኛው እየፈራ ጋዜጠኛው እየታሰረ በ5 ዓመት አንዴ ተሰልፎ ካርድ ከቶ መምጣት ምንም አይደለም፣ አጎትህን ያስመረራቸው ይሄ ከሆነ አልፈርድባቸውም።

ደሞ እሳቸው የእድር ዳኛ ከሆኑ (እንዲህ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ናቸው) ሂሳቡን ሁለት ዓመት ሳያሳውቁ ቢቀሩ አባላቱ ምን እንደሚያረጓቸው ጠይቃቸው። ጠላው ላይ ግን አይደለም፣ ጠዋት ጠይቃቸው።