ጋሼን በማሽን እንተካቸው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ቅዳሜና እሁድ የምንጫወት ልጆች ነን። ድራመራችን ጋሼ 70 ሊሞላቸው ነው። አልበም ልንሠራ ስንል ኪቦርዲስታችን «ምታቸው ይዋዥቃል፣ በድራም ማሽን እንተካቸው» ብሎ ችክ አለ። ሽማግሌ ድራመር ከልጆች ጋር ሲሠራ እንስማ ብለን የአሜሪካዊውን የጃዝ ድራመር የጃክ ዲጆኔትን «ኢን ሙቭመንት» የተባለ አልበም ከፈትን። ግራ ገባን! ሰውየው ምት እንኳ አይጠብቅም።

መልስ፦ መጀመሪያ «ልጆች» ያላችኋቸውን ላስተዋውቃችሁ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ዲጆኔት 73፣ ሳክስፎኒስቱ ራቪ ኮልትሬን 50፣ ቤዚስቱ ማቲው ጋሪሰን ደግሞ 45 ዓመታቸው ነበር። (ጃዝ ውስጥ ልጅነት ቶሎ አያልቅም መሰለኝ።) የሁለቱ አባቶች፣ ታዋቂው ሳክስፎኒስት ጆን ኮልትሬንና ቤዚስቱ ጂሚ ጋሪሰን፣ አንድ ባንድ ውስጥ ነበሩ፣ ሁለቱም አባቶች የሞቱት ልጆቻቸው ገና ትንንሽ ሳሉ ነው። ዲጆኔት በወጣትነቱ ከአባትየው ኮልትሬን ጋር መድረክ የወጣ፣ ለማቲው ደግሞ የክርስትና አባት የሆነ፣ ኋላም ቤቱ አስቀምጦ ያስተማረው ሰው ነበር። የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ፣ አንድ ሁለት እያለ የሚቆጥርላቸው አይፈልጉም ነበር።

እስቲ አልበሙ ላይ ያለውን «አላባማ» ድገሙት። አባትየው ኮልትሬን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ አላባማ ግዛት በርሚንግሃም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በቦምብ ተመትቶ አራት ልጃገረዶች ከሞቱ በኋላ ነው። ለቅሶ ነው እኮ፣ ችክችካ አትጠብቁበት። ጊዮርጊስ ማኅሌት ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ መረግድ ላይ ከበሮው ዝግ ብሎ፣ በምትና በምት መሃል ሰፊ ቦታ እየተወ ይሄዳል፣ የሚፈጥነው ጽፋት ሲደርስ ነው፤ ያን ሰምቶ መቺው ምት ጠፋበት የሚል የለም።

ማሽኑንም ቢሆን አልጠላሁትም። እዚያው አልበም ላይ ማቲው ከቤዙ ጋር ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ይዞ ገብቷል፣ ሽማግሌው ግን ከላዩ ላይ ይጫወታል እንጂ አልተተካም። እናንተም ጋሼን ለብቻቸው ጆሯቸው ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ሰክታችሁ አትቅረጿቸው። ሁላችሁም አንድ ክፍል ገብታችሁ እየተያያችሁ አብራችሁ ተቀረጹ፣ ኪቦርዲስቱ ማሽኑን ለአንድ ሁለት ዘፈን ያምጣው፣ የቀረውን እሳቸውን ይከተል። ምናልባት የሚዋዥቀው እሱ ይሆናል፣ እንጃ። ጋሼ ሌላ መሣሪያ ይችሉ እንደሆነም ጠይቋቸው። ዲጆኔት በልጅነቱ የጀመረው በፒያኖ ነው፣ በዚህ አልበምም ተጫውቶታል።